ሚዛኑን ቤትህም አስገባው

ስማኝ ልጄ። ከባሕር ዳር መጥተህ እዚህ ነፋስ መውጫ ስንጫወት ሁለት ነገር ስትናገር ሰማሁህ። አንደኛው «አየሩን ያበላሸው ፈረንጅ ነው፤ እኛ ምን አጠፋን?» ያልኸው ነው። ሁለተኛው እናትህን «ኩበት ማንደድ ተይ፤ መሬቱ ይጎዳል» ያልሃት ነው። ለየብቻ ሁለቱም እውነት ናቸው። ጎን ለጎን ሲቆሙ ግን ይጣላሉ።

ስለ ፈረንጁ ያልኸውን እቀበላለሁ። አንድ አሜሪካዊ በዓመት የሚለቀው የካርቦን ጭስ ኢትዮጵያዊው ከሚለቀው ከ50 እጥፍ በላይ ነው። ዝናቡ ሲዛባ ቀድሞ የሚራበው ግን ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በሴፍቲኔት ሲደገፍ የኖረው የታች ጋይንትና የስማዳ ቆለኛ ነው። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይኸ ነው። ስለዚህ «ብዙ ያለው፣ ብዙ ያጠፋው ይቅደም» ማለትህ ትክክለኛ ፍርድ ነው።

ታዲያ ይኸ ፍርድ ከቤትህ ደጅ ሲደርስ ለምን ይቆማል? ደመወዝ የምትቀበለው አንተ፣ ኩበት የምትጠፈጥፈው እናትህ። ኩበቱ የማሳው ፍግ መሆኑ ጠፍቷት አይደለም፤ ድንቹና ገብሱ ፍግ እንደሚወዱ ካንተ በፊት ታውቃለች። የጉና ቁር በሩን ሲገፋና እንጨት ሲጠፋ ግን የዛሬው ራት ከመጪው ዓመት አዝመራ ይቀድማል። ከሲሚንቶ የሚሠራው ምርጥ ምድጃ ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲተያይ ማገዶውን በግማሽ ገደማ ይቀንሳል። «ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም» እንዳትለኝ። ወጡንስ አያጣፍጥም፤ ሸክሟን ግን ያቀልላታል፣ የተረፈው ኩበትም ማሳ ይገባል። መጀመሪያ ምድጃውን ግዛላት፤ ከዚያ ምከራት።

«የእኔ አንድ ምድጃ ዓለም ያድናል ወይ?» ትለኝ ይሆናል። አያድንም። ግን የእስቴን አድባራት እይ። የ«እመጓ» ደራሲ ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ በደቡብ ጎንደር 28 አብያተ ክርስቲያናትን አጥንተው 168 የእንጨታማ ዕፅዋት ዝርያዎች መዝግበዋል። ከቅጥሩ ውጭ ሣሩ እስከ ሥሩ ተግጦ፣ ከቅጥሩ ውስጥ ወይራው፣ ጥዱና ዝግባው የቆመው ዘበኛ በዝቶ አይደለም። «የእኔ አንድ ዝግባ ምን ታጎድላለች?» ብሎ ምሳር የሚያነሣ ስለታጣ ነው። ያችን ቃል አንድ ሰው ሲላት ትንሽ ናት፤ መንደር ሲላት ጫካ ትጨርሳለች። «እኔ ከሞትሁ ሰርዶ አይብቀል» ያለችው አህያ ናት፤ የአህያን ምክር ለአህያ ተውላት።

አፈሩም እንደዚያው ነው። ከጋይንትና ከስማዳ የሚታጠበው አፈር በሽሎ ይገባል፣ በሽሎም አባይ ይገባል። «አባይ ማደሪያ የለው ግንድ ይዞ ይዞራል» ይሉ ነበር አባቶች። የሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ሲመረቅ፣ አባይ ማደሪያ አገኘ። እንግዲህ ይዞት የመጣው አፈርም እዚያው ያድራል። ሁለት ትልም ለመጨመር ብለህ እርከን ብታፈርስ፣ ቦንድ የገዛህበትን ግድብ በገዛ ማሳህ አፈር ትሞላዋለህ። የጨው ተራራ ሲናድ ሞኝ ይልሳል፣ ብልህ ያለቅሳል፤ አንተ ከብልሆቹ ሁን፤ ለቅሶህ ግን በአካፋ ይሁን።

ክርክርህን ጣል አላልሁህም። ፈረንጁን ክሰስ፣ ካሣም ጠይቅ፤ ዝም ያለን ማን ይሰማዋል? ድሃውን ግን በኩበቱ አትገሥጸው፤ ሌላ ምርጫ ሳትሰጠው መገሠጽ ግፍ ነው። በበጋ የተፋሰስ ሥራ ሲጠራ አንተም እረፍትህን ጠይቀህ ና። ካንተ ያነሰ ያላት እናትህ ናትና በሥራው ቅደማት። ያን ጊዜ ፈረንጁን «ቅደም» ስትለው አንገትህን አትደፋም።