ጠባዩ የአሳማው ነውን ወይስ የበረቱ?

በአገራችን አብዛኛው ክርስቲያንም ሙስሊሙም የአሳማ ሥጋ አይበላም፤ ስሙም ከስድብ በቀር እምብዛም አይነሣም። ስለዚህ ስለ አሳማ ቤት መጻፌ አንባቢን ያስቀው ይሆናል። ነገር ግን በአንድ ፍጥረት ጠባይ ላይ ለመፍረድ ሥጋውን መብላት አያስፈልግምና ጥቂት ታገሡኝ።

አሳማ በብዛት በሚረባባቸው በአውሮፓ አገሮች፣ በባዶ ወለል ላይ ታጭቀው የሚያድጉ አሳማዎች እርስ በርሳቸው ጅራት ይናከሳሉ። አንዱ ያኝካል፤ ደም ይወጣል፤ ደሙን ያዩት ይከተላሉ፤ ቍስሉም አመርቅዞ አንዳንዱን ለሞት ያደርሰዋል። አርቢዎቹ ያገኙት መድኃኒት ግልገሉ በተወለደ በጥቂት ቀን ውስጥ ጅራቱን መቍረጥ ነው። ያረገዘችው እናትም በብዙ አገሮች 114 ቀን ያህል የሚሆነውን የእርግዝናዋን ጊዜ ወርዱ 60 ሳንቲ ሜትር፣ ርዝመቱ 2 ሜትር ገደማ በሆነ የብረት ጋጣ ውስጥ ታሳልፋለች። ዞራ ኋላዋን ማየት አትችልም። ብረቱን ስትነክስና አፏ ባዶ ሳለ ስታኝክ ትውላለች።

እንግዲህ አሳማ ሲፈጠር እንዲህ ነውን? በኤዲንብራ ስቶልባና ውድ ጉሽ የተባሉ ሊቃውንት ለማዳ አሳማዎችን ዛፍ፣ ቍጥቋጦና ጅረት ባለበት ሰፊ አጥር ውስጥ ለቀው ተመለከቱ፤ ያዩትንም በአውሮፓ አቈጣጠር በ1989 አሳተሙ። አሳማዎቹ የቀኑን እኵሌታ ያህል ሣር ሲግጡና በአፍንጫቸው አፈር ሲምሱ ዋሉ። የጋራ መኝታ ሠሩ፤ ኵሳቸውንም ከመኝታቸው ርቀው ጣሉ። የመውለጃዋ ሰዓት የደረሰ እናት ከመንጋው ተለይታ፣ መሬቱን ምሳ፣ ሣርና ቅርንጫፍ በአፏ እየተሸከመች ጎጆ ሠራች። (በጭቃ መንከባለሉም ቢሆን አሳማ እንደ ሰው ስለማያልበው ለመቀዝቀዝ ነው፤ ስድባችን በሐሰት ላይ የቆመ ነው።)

አርቢውን ብቻ መውቀስ ግን አይገባም። ጋጣው የገባበት አንዱ ምክንያት ብርቱዎቹ ደካማዋን ነክሰው መኖዋን እንዳይቀሟት ነበር። ገለባ መጐዝጐዝም ወጪ አለው፤ የፍሳሹንም ቦይ ይደፍናል። ብሪታንያ በ1999 ጋጣውን ከለከለች፤ የአውሮፓ ኅብረትም ከ2013 ጀምሮ ለአብዛኛው የእርግዝና ጊዜ ከለከለ። የኅብረቱ ሕግ ጅራትም በልማድ አይቈረጥ፣ አስቀድሞ የቤቱ ሁኔታ ይሻሻል ይላል። ሆኖም በብዙዎቹ አገሮች መቍረጡ አልቀረም፤ ቤት ከማስፋት ጅራት መቍረጥ ይረክሳልና።

ይህን ስጽፍ ሕሊናዬ እኔኑ ይወቅሰኛል። በወጣትነቴ ባስተማርሁበት ትምህርት ቤት፣ ለሦስት ልጆች በተሠራ አግዳሚ ላይ አምስት ይቀመጡ ነበር። ከቀትር በኋላ ይጋፋሉ፣ ይቈነጣጠጣሉ፣ በክርን ይጐሻሸማሉ። እኔም ልምጭ ነበረኝ። ከሁሉ ይልቅ የሚያስቸግረኝን አንድ ልጅ ብዙ ጊዜ ገረፍሁት፤ አባቱንም አስጠርቼ «ልጅዎ ጠባዩ ክፉ ነው» አልኋቸው። አንገታቸውን ደፍተው ሄዱ።

በኋላ የክፍሉ ጣራ ሲታደስ ሁለት ወር ያህል ከዋርካ ጥላ ሥር አስተማርሁ። ያ ልጅ በአንድ ድንጋይ ላይ ለብቻው ተቀምጦ፣ አንድ ቀን እንኳ ከማንም ጋር አልተጣላም። ጣራው ሲያልቅ ወደ አግዳሚው ተመለስን፤ ልምጩም ተመለሰ። አናጺ ጠርቶ አንድ አግዳሚ መጨመር ያን ጊዜ በሐሳቤ አልመጣም። ለአባቱም ተሳስቼ ነበር ብዬ አልነገርኋቸውም።