የተላለፈ ጥገና የማን ዕዳ ነው?

አንድ ሰው በኃላፊነት በተረከበው ሥራ ላይ ጉድለት እንዳለ ካወቀ በኋላ «ጉዳት የሚያደርሰው በስንት ጊዜ አንዴ ነው» ብሎ ቢያሳድረው፣ ጉዳቱ በደረሰ ዕለት ተጠያቂ ነውን? ጥያቄው ለግንበኛውም፣ ለሐኪሙም፣ ለመካኒኩም ይነሳል። ዛሬ የምናነሳው ግን ብዙዎቻችን አይተነው በማናውቀው፣ ሆኖም በየኪሳችን ይዘነው በምንዞረው ሥራ ላይ ነው።

በኮምፒዩተርም ሆነ በስልክ ውስጥ ከፕሮግራሞች ሁሉ ሥር ሆኖ የሚያዝዝ አንድ ፕሮግራም አለ። ባለሙያዎች ከርነል ይሉታል። የትኛውን ፋይል ማን እንደሚያነበው፣ ማንስ እንደሚጽፍበት የሚወስነው እርሱ ነው። ፊንላንዳዊው ሊነስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ1991 የጀመረው ሊነክስ የተባለው ከርነል ዛሬ የአንድሮይድ ስልኮችን ሁሉ፣ እንዲሁም ለኢንተርኔት አገልግሎት የቆሙ እጅግ ብዙ ኮምፒዩተሮችን ያንቀሳቅሳል።

እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2016 በዚህ ከርነል ውስጥ አደገኛ ቀዳዳ መኖሩ ይፋ ሆነ። «ደርቲ ካው» የሚል ስምም ወጣለት። ነገሩን በመዝገብ ቤት እንመስለው። ባለጉዳዩ ዋናውን መዝገብ ማንበብ ተፈቅዶለታል፤ መጻፍ ከፈለገ ግን ጸሐፊው ቅጂ ያወጣለታል፤ የሚሰረዘውም የሚደለዘውም በቅጂው ላይ ነው። ባለጉዳዩ ታዲያ «ጻፍልኝ» እና «ቅጂውን ጣለው» የሚሉትን ሁለት ትእዛዞች እያፈራረቀ ጸሐፊውን ቢያዋክበው፣ ጸሐፊው ቅጂው መጣሉን ሳያስተውል ብዕሩን በዋናው መዝገብ ላይ ያሳርፋል። ከርነሉም የተታለለው እንዲሁ ነው። ማንበብ ብቻ የተፈቀደለት ተራ ተጠቃሚ መነካት በሌለበት ፋይል ላይ ይጽፋል፤ በዚያም መንገድ የኮምፒዩተሩ ሙሉ አዛዥ ይሆናል።

እስከዚህ ድረስ ነገሩ የሙያ ነው። የሕሊናው ጥያቄ የሚመጣው ወደ ኋላ ሄደን ስናይ ነው። ቶርቫልድስ ከጥገናው ጋር ባሰፈረው ማስታወሻ ጉድለቱ የቆየ መሆኑን፣ ከ11 ዓመት በፊት ራሱ ሊጠግነው ሞክሮ በደንብ እንዳልጠገነው፣ ያም ጥገና ኤስ 390 በሚባሉት ትላልቅ የአይቢኤም ኮምፒዩተሮች ላይ ችግር በማስከተሉ እንደተነሳ ገልጿል። ያን ጊዜ አደጋው በሐሳብ ደረጃ ብቻ የሚታይ ነበር። ከርነሉ እየተሻሻለ ሲሄድ ግን ለመድረስ እየቀለለ መጣ። እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ በወጡት እትሞች ውስጥ ለ9 ዓመታት ያህል ለጥቃት ክፍት ሆኖ ቆየ። በመጨረሻ የታወቀውም አጥቂዎች ሲጠቀሙበት በመያዙ ነው።

እንግዲህ ጥገናውን ያነሱት ሰዎች በድለዋልን? ይህን ለማለት ያስቸግራል። በደህና የሚሠራን ኮምፒዩተር የሚያበላሽ ጥገና ራሱ ጉዳት ነው። በዓይን የሚታይ ጉዳትና በሩቅ የሚገመት ጉዳት ፊት ለፊት ሲቆሙ የሚታየውን ማስቀደም የአስተዋይ ፍርድ ነው። ይሁን እንጂ ያ ፍርድ ትክክል የነበረው ለዚያ ቀን ነው። የትላልቆቹ ኮምፒዩተሮች ችግር ከተፈታ ቆይቶ ነበር፤ አደጋውም እየቀረበ ነበር፤ «ያ ያሳደርነው ነገር አሁንስ እንዴት ነው?» ብሎ መዝገቡን የገለጠ ግን ሳይገኝ ዓመታት አለፉ። ስለዚህ ጥፋቱ ማሳደሩ ሳይሆን ያሳደሩትን መርሳቱ ነው። ዕዳን ለነገ ማለት ይቻላል፤ ቀን ሳይቆርጡለትና የሚከታተለው ሰው ሳያቆሙ መተው ግን አማናን መጣል ነው። ምክንያቱም የሚጎዳው ውሳኔውን የወሰነው ሰው አይደለም፤ ውሳኔ መኖሩን እንኳ ያልሰማው ሌላው ነው።

ቶርቫልድስ ግን አንድ ሊመሰገን የሚገባው ነገር አድርጓል። ጥገናውን ብቻ አውጥቶ ዝም ማለት ሲችል፣ የመጀመሪያው ሙከራ የራሱ እንደነበረና ደካማ እንደነበረ ማንም በሚያነበው ቦታ ጻፈ። ይህ ትሕትና ብቻ ሳይሆን የጥገናው አካል ነው፤ ከእርሱ በኋላ የሚመጣው ባለሙያ የት የት መመርመር እንዳለበት የሚያውቀው በዚህ ነው። መመርመሩም አስፈላጊ ነበር። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2017 የ2016ቱ ጥገና ራሱ ሌላ ቀዳዳ እንደተወ ተደረሰበትና እንደገና ተጠገነ።

ውድ አንባቢያን! ጥገና ይፋ በሆነ ቀን ኃላፊነቱ አያበቃም፤ እጅ ይለውጣል እንጂ። ጥገናውን ባለሙያው እንደሚያነበው ሁሉ አጥቂውም ያነበዋል፤ የተደፈነውን አይቶም ያልተደፈነበትን ይፈልጋል። እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2017፣ ጥገናው ከወጣ ከ11 ወራት በኋላ፣ በዚሁ ቀዳዳ የሚገባ ተንኮለኛ ፕሮግራም ከ40 በሚበልጡ አገሮች ውስጥ በአንድሮይድ ስልኮች ላይ መገኘቱ ተገልጿል። ስልኩን ሸጦ ጥገናውን የማይልክ አምራች፣ ያሠሪውን ኮምፒዩተር ሳያድስ የሚያከርም ሠራተኛ፣ ስልኩ «አድሰኝ» ባለው ቁጥር «በኋላ» የሚለውን የሚነካ ባለቤት፣ ሦስቱም የዚያ የ2005ቱ ማሳደር ወራሾች ናቸው።

በኪሳችን ያለው ስልክ የእኛን ብቻ አልያዘም። የወዳጅ ዘመድ ቁጥር፣ የቤተሰብ ፎቶግራፍ፣ የሰው ምስጢር በውስጡ አለ። ስለዚህ ስልክ ስንገዛ ከዋጋው ጋር «ጥገናው እስከ መቼ ይላክለታል?» ብለን እንጠይቅ፤ ሲላክም ባደረበት አናሳድረው። አበው «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለእንዲህ ያለውም ነው።