የማገሩ ዋጋ

በደብረ ብርሃን አንድ አባት ቤቱን ለሁለት ልጆቹ ትቶ ሞተ። የጭቃ ቤት ነው፤ ጣራው ቆርቆሮ። ታላቂቱ እህትና ታናሽ ወንድሟ እንደ ብዙው ወራሽ ፍርድ ቤት አልተጓተቱም። ሳሎኑ መሀል ግድግዳ አቁመው ምሥራቁን እሷ፣ ምዕራቡን እሱ ያዘ። ግድግዳው ግን የደረሰው እስከ ኮርኒሱ ነው። ከኮርኒሱ በላይ አባታቸው በባሕር ዛፍ አጣና ያዋቀረው ማገር ከዳር እስከ ዳር ሳይቆረጥ እንደተዘረጋ ቀረ። የውርስ ክፍፍሉ ወረቀት ላይ ስለ ማገር የተጻፈ ነገር የለም።

ዓመታት አለፉ፤ ቆርቆሮው ዛገ። ሰኔ ሲገባ አቡጀዲው ኮርኒስ ላይ ሻይ የፈሰሰበት የሚመስል ክብ ይወጣል፤ ሐምሌ ላይ ክቡ ይሰፋል፤ ነሐሴ ላይ ጠብ ጠብ ማለት ይጀምራል። ወንድምየው ከሥሩ ሳፋ ያስቀምጣል። ሲብስበት ጣራው ላይ ወጥቶ ቀዳዳውን በሬንጅና በጨርቅ ይደፍናል፤ ነፋስ እንዳያነሳበት ደግሞ አሮጌ ጎማ ይጭንበታል። እህትየው ይህ ኑሮ መረራት። አንድ ግንቦት ዕቁብ ሲደርሳት አናጢ አስጠራች።

ወጣቱ አናጢ ጣራውን ለክቶ ወረደና «ለእርስዎ ድርሻ 24 ቆርቆሮ ይበቃል፣ እትዬ» አላት። ባለ 35 ጌጅ እንዳትገዛ፣ ቁጥሩ በጨመረ መጠን ቆርቆሮው እየሳሳ እንደሚሄድ፣ ባለ 28ቱ ቢወደድም የደጋውን በረዶ እንደሚችል አስረዳት። ሰምታ ባለ 28ቱን ገዛች።

አሮጌው መነሳት ሲጀምር መሀል ግድግዳው አናት ላይ ያለው ሚስማር መዶሻ ሳያስፈልገው በሁለት ጣት ተነቅሎ መጣ። አናጢው ማገሩን በጥፍሩ ጫር አደረገው። ጠቁሯል፤ ይፈረፈራል።

«እትዬ፣ እንጨቱ በስብሷል። ውኃው የሚገባው በወንድምዎ በኩል ነው። ቤቱ ወደ እርስዎ ዘመም ስላለ ማገሩን ይዞ ይመጣል። ማገሩ ካልተቀየረ ሚስማር አይይዝም፤ እሱን ለመቀየር ደግሞ የወንድምዎም ቆርቆሮ መነሳት አለበት።»

«ስንት ይፈጃል?»

ነገራት። የ24ቱን ቆርቆሮ ዋጋ የሚጠጋ ሆነ።

«ተወው ልጄ፤ የእኔን ብቻ ክደንልኝ። እሱ ሲመቸው የራሱን ይከድናል።»

ወንድምየው ግቢው ውስጥ ቆሞ ሁሉንም ያይ ነበር፤ ምንም አላለም። አናጢውም ከደነ፤ የእጁን ዋጋ ተቀብሎ ሄደ።

ነሐሴ ላይ በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ከነፋስ ጋር መጣ። ባለ 28ቱ በረዶውን ቻለው። ሚስማሩ ግን የተመታው በበሰበሰ እንጨት ላይ ስለነበር ነፋሱ መሀል ግድግዳው አጠገብ ያለውን ጫፍ ብድግ አድርጎ 4 ቆርቆሮ አጣጥፎ ጣለ። እህትየው በአዲስ ጣራ ሥር ሳፋ ስትደረድር አደረች።

ነገሩ ሽማግሌ ዘንድ ደረሰ። እሷ «በእሱ ፍሳሽ ነው የተጎዳሁት፤ ይካሰኝ» አለች። እሱ «እኔ መቼ ጣራ ቀይሪ አልኳት?» አለ።

ከሽማግሌዎቹ አንዱ ወደ እሷ ዞሩ። «አናጢው ስለ ማገሩ ሲነግርሽ ለወንድምሽ አወራሽው?»

«አላወራሁም፣ አባቴ። የለኝም፣ አንቺው ሸፍኚልኝ ይለኛል ብዬ ነው።»

«አንተስ? ሚስማሩ በጣት ሲነቀል አላየህም?»

«አይቻለሁ።» አንገቱን ደፋ። «ዝም ካልኩ በእሷ ወጪ የእኔም ይታደሳል ብዬ ነው።»

እዚህ ላይ እኔ ብሆን አናጢውንም አስጠራው ነበር። እንጨቱ እንደማይይዝ እያወቀ ሚስማር መትቶ ሒሳቡን የተቀበለ ሰው ከጥፋቱ ድርሻ አለው። ሽማግሌዎቹ ግን ስለ እሱ አላነሱም፤ ውርሱ የሁለቱ ነውና ሁለቱን ብቻ ዳኙ።

ፍርዱ ይህ ሆነ። ማገሩ ስላልተከፈለ ዋጋው እኩል ይከፈላል። የታጠፈውን 4 ቆርቆሮ እየሰማች ያስከደነችው እህት ትተካለች። ወንድምየው በራሱ በኩል ያለውን ጣራ ከማገሩ ጋር አብሮ ያስቀይራል፤ ገንዘብ ቢያጥረው እህቱ ታበድረዋለች፤ እሱም በየወሩ ይመልሳል። ከእንግዲህ ጣራው የሚነካው ሁለቱም ባሉበት ነው።

መስከረም ሲጠባ አሮጌው ሁሉ ወረደ። አንድ ጊዜ ሊከፈል ይችል የነበረውን የእጅ ዋጋ እህትየው ሁለት ጊዜ ከፈለች። ወንድምየውም ዕዳ ገባ፤ ቆርቆሮ ከግንቦቱ ተወድዶ ነበር።