ሞት የሌለበት ስሕተት

ቅዱስ ያሬድ በልጅነቱ ትምህርት እንቢ ብሎት ከመምህሩ ከጌዴዎን ዘንድ በኮበለለ ጊዜ፥ ከዛፍ ሥር ተቀምጦ አንዲት ትል ግንዱን ለመውጣት ስትሞክር አየ፤ ስድስት ጊዜ ወድቃ በሰባተኛው ወጣች፤ እርሱም ይህን ተመልክቶ ወደ ትምህርቱ ተመለሰ እየተባለ በየጉባኤ ቤቱ ይነገራል። ይህን ታሪክ ለደቀ መዝሙሩ የማይነግር መምህር የለም፤ ሁላችንም የምንነግረው ትጋትን ለማስተማር ነው። ነገር ግን በታሪኩ ውስጥ ሳናስተውለው የምናልፈው አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም ትሏ በመጀመሪያው አወዳደቋ አለመሞቷ ነው። ሰውነቷ ቀላል ስለ ሆነ መውደቅ ትምህርት ሆናት እንጂ መጥፊያ አልሆነባትም። በአንዱ አወዳደቅ ሞታ ቢሆን ኖሮ ያሬድ ከርሷ ምን ይማር ነበር?

እንግዲህ ሞት የሌለበት ስሕተት ለሰው ታላቅ ስጦታ ነው። ዛሬ ለመመርመር የማስበው ግን የዚህን ስጦታ ወሰን ነው። ያለ ሞት ተሳስቶ ያለ ሞት የታረመ ሰው፥ ሞት ባለበት ስፍራ በቆመ ሰው ላይ ለመፍረድ ይችላልን? ይህን ጥያቄ ያነሣሣብኝ መጽሐፍ አይደለም፤ የእኅቴ ልጅ ጨዋታ ነው።

ከተማችን ወልድያ መንገደኛ አይሮፕላን የሚያርፍባት ከተማ አይደለችም። መብረር የሚሻ ሰው ወይ በመርሳ በኩል አድርጎ ወደ ኮምቦልቻ ይሄዳል፥ ወይ በጋሸና በኩል አድርጎ ወደ ላሊበላ ይሄዳል። የእኅቴ ልጅ ግን በመኝታ ክፍሉ ተቀምጦ በኮምፒዩተር ቦይንግ 737 ያበርራል። ይህን መሣሪያ ሲሙሌተር ይሉታል፤ እኛ የበረራ ማስመሰያ ብንለው ይስማማዋል። አንድ ማታ ከጎኑ ተቀምጬ አየሁት። አስቀድሞ ባትሪውን ያበራል፤ ቀጥሎ በጅራቱ ውስጥ ያለውን ትንሹን ሞተር ያስነሣል፤ የሚያልፍባቸውን ነጥቦች አንድ በአንድ ይጽፋል፤ ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ያህል ከፍ ያለ ስፍራ በመሆኑ አየሩ ስስ ነውና፥ አይሮፕላኑ ለመነሣት ምን ያህል ርቀት መሮጥ እንዳለበት ያሰላል። ይህን ሁሉ የሚያደርገው ከፊቱ ያስቀመጠውን ዝርዝር ጮክ ብሎ እያነበበ ነው፤ ቃሉን ሳያነብ እጁን አያነሣም።

ቀደም ብሎ ሦስት ሌሊት ሙሉ ታላላቆቹ ሞተሮች አልነሣ ብለውት ነበር። መጀመሪያ ኮምፒዩተሩን ወቀሰ፤ ቀጥሎ ፕሮግራሙን ወቀሰ፤ አጥፍቶም እንደገና ጫነው። በመጨረሻ ግን የአሠራሩን መጽሐፍ ከፍቶ ከሥሩ ጀምሮ መረመረ። ለካ ታላቁ ሞተር የሚዞረው ከትንሹ ሞተር በሚመጣ ነፋስ ኖሯል፤ እርሱ ደግሞ ወደ መንገደኞቹ ክፍል አየር የሚያስገባውን ማብሪያ ሳይዘጋ ረስቶት፥ ነፋሱ ተከፍሎ ለሞተሩ የሚበቃ ኃይል አጥቶ ነበር። «የኔታ፥ ጥፋቱ የእኔው ኖሯል» ብሎ ነገረኝ። እኔም ደስ አለኝ። ነገር ከሥሩ፥ ውሃ ከጥሩ ይባል የለምን? በቅኔ ቤትም ቤቱ አልመታልህ ሲለው ግሡን የሚወቅስ ተማሪ አለ፤ የራሱን አገባብ የሚመረምር ተማሪም አለ፤ ለመምህርነት የሚበቃው ግን ሁለተኛው ነው። ስለዚህ ጨዋታው ልጁን ትሕትና አስተምሮታል ብዬ አመሰገንሁ።

ይህ ጥበብ ትናንት የተገኘ አይደለም። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1929 ዓ.ም. ኤድዊን ሊንክ የሚባል አሜሪካዊ፥ አባቱ ኦርጋንና ፒያኖ የሚሠራበት ፋብሪካ ነበረውና፥ የኦርጋኑን የወናፍ ጥበብ ወስዶ ከመሬት ሳይነሣ እንደ አይሮፕላን የሚያጋድል ሣጥን ሠራ። በመጀመሪያ እንደ መጫወቻ ታየ። በ1934 ዓ.ም. ግን የአሜሪካ ጦር አብራሪዎች ደብዳቤ እንዲያመላልሱ ታዝዘው በጭጋግና በጨለማ በርከት ያሉት በሞቱ ጊዜ፥ ጦሩ ከዚያ ሣጥን ስድስት ገዛ። ሞት የሌለበት ስሕተት ዋጋው የታወቀው ከሙታን በኋላ ነው። ታኅሣሥ 12 ቀን 1938 ዓ.ም. የተቋቋመው የኢትዮጵያ አየር መንገዳችንም ዛሬ በአዲስ አበባ ማሠልጠኛው አብራሪዎችን የሚያለማምደው እንዲህ ባሉ ታላላቅ ማስመሰያዎች ነው። በልጁ መኝታ ክፍል ያለው የእነዚያ ታናሽ ወንድም ነው።

ከዚህ በኋላ የሆነው ነገር ግን አሳዘነኝ። አንድ ማታ ልጁ የመጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም.ን በረራ በማስመሰያው አሰናዳ። ያን ቀን ከጧቱ በ2 ሰዓት ከ38 ደቂቃ ከቦሌ ወደ ናይሮቢ የተነሣው ቦይንግ 737 ማክስ፥ ስድስት ደቂቃ ያህል በርሮ በቢሾፍቱ አቅራቢያ ወድቆ 157 ሰዎች በሙሉ እንዳለቁ የማያስታውስ አንባቢ የለም። ዋና አብራሪው ካፒቴን ያሬድ ጌታቸው የ29 ዓመት፥ ረዳቱ አሕመድኑር መሐመድ የ25 ዓመት ወጣት ነበሩ። በግራ በኩል ያለው የነፋስን አቅጣጫ የሚለካ መሣሪያ ሐሰት ተናገረ፤ ኤም ካስ የተባለውም ሥርዓት ያን ሐሰት አምኖ የአይሮፕላኑን አፍንጫ ደጋግሞ ወደ መሬት ደፋው። ልጁ ይህንኑ ብልሽት አስገባ፤ አፍንጫው ሲደፋ የሥርዓቱን ኤሌክትሪክ ቈረጠ፤ የጅራቱን ክንፍ የሚያስተካክለውን መንኰራኵር በእጅ አዞረ፤ ተመልሶም በሰላም ቦሌ አረፈ። ወደ እኔም ዞሮ፥ «የኔታ፥ እኔ ብሆን ኖሮ አተርፋቸው ነበር» አለኝ።

በዚያ ማታ መልስ አልሰጠሁትም። እንዲህ ያለውን ቃል የተናገረ እርሱ ብቻ አልነበረምና ልቆጣው አልፈቀድሁም፤ በአሜሪካ ምክር ቤት ሳይቀር የእኛ አገር አብራሪዎች ቢሆኑ ኖሮ ባልወደቀ ነበር ብለው የተናገሩ ነበሩ። ነገሩን ሳሰላስለው ግን በልጁ ድልና በሟቾቹ መከራ መካከል ሦስት ልዩነት አገኘሁ።

የመጀመሪያው ልዩነት ዕውቀት ነው። ልጁ ምን እንደሚበላሽ፥ መቼም እንደሚበላሽ አስቀድሞ ያውቅ ነበር፤ ብልሽቱን ያስገባው ራሱ ነውና። እነርሱ ግን ከመሬት በተነሡበት ደቂቃ መሪው በእጃቸው ይንቀጠቀጥ፥ የፍጥነቱ መለኪያም በግራና በቀኝ የተለያየ ቃል ይናገር ጀመር። አፍንጫውን የሚደፋው ሥርዓት አሠራሩ፥ ጥቅምት 19 ቀን 2011 ዓ.ም. የኢንዶኔዥያው ላየን ኤር ወድቆ 189 ሰዎች እስኪያልቁ ድረስ፥ ለአብራሪዎች በመመሪያቸው አልተገለጸም ነበር። መልሱን ይዞ ጥያቄውን የሚመልስ ተማሪ፥ ጥያቄው ሳይነገረው የተጠየቀውን ሰው ሊንቅ አይገባውም።

ሁለተኛው ልዩነት የማስመሰያው እውነተኛነት ነው። እኛ የቅኔ ሰዎች ሰምና ወርቅ የምንለውን ስም ያገኘነው ከአንጥረኛ ነው። አንጥረኛ የሚሠራውን ጌጥ አስቀድሞ በሰም ይቀርጻል፤ በጭቃም ይለብጠዋል፤ ሰሙ በእሳት ቀልጦ በወጣ ጊዜ በስፍራው ወርቁን ያፈስሳል። ሰሙ ለስላሳ ነውና ቢሳሳት በአውራ ጣቱ ያስተካክለዋል፤ ምንም አይከስርም። ነገር ግን ወርቁ የሰሙን መልክ ይወስዳልና፥ በሰሙ ላይ ሳይታይ የቀረ ጕድለት በወርቁ ላይ ይወጣል። ማስመሰያው ሰም፥ እውነተኛው በረራ ወርቅ ነው። ልጁ መንኰራኵሩን ያዞረው በአንድ ጣት ነው። ያሬድና አሕመድኑርም እንደ እርሱ ኤሌክትሪኩን ቈርጠው ነበር፤ መንኰራኵሩን ለማዞር ሲሞክሩ ግን በዚያ ፍጥነት የነፋሱ ክብደት ይዞ አላዞር አላቸው። የሚያስደነግጠው ደግሞ ይህ ክብደት በቤት መጫወቻ ብቻ የጐደለ አለመሆኑ ነው። አይሮፕላኑን የሠራው ኩባንያ በግንቦት 2011 ዓ.ም. እንደ ገለጸው፥ አብራሪዎች በሚሠለጥኑባቸው ታላላቅ ማስመሰያዎችም የነበረው ፕሮግራም እንዲህ ያለውን ሁናቴ በትክክል ማሳየት አይችልም ነበር። ሰሙ ጐድሎ ሳለ ወርቁን ብቻ መውቀስ ምን ዐይነት ፍርድ ነው?

ሦስተኛው ልዩነት ፍርሃት ነው። የልጁ አይሮፕላን ተራራ ቢመታ አንዲት ቍልፍ ይነካል፤ ሁሉም ከሙታን ይነሣል። በኋላው ተቀምጦ የሚያለቅስ ሕፃን የለም። ኅዳር 14 ቀን 1989 ዓ.ም. የተጠለፈውን ቦይንግ 767 ነዳጁ አልቆ በኮሞሮስ ባሕር ላይ ያሳረፈው ካፒቴን ልዑል አባተ፥ ከ175 ሰዎች መካከል 50 የተረፉት ጠላፊዎች ከጎኑ ቆመው እየታገሉት ነው። የእጅ ሥራ በልምምድ ይገኛል፤ ሞትን ፊት ለፊት እያዩ እጅን ማጽናት ግን በቍልፍ ተመልሶ በሚነሣ ዓለም ውስጥ አይለመድም። በሰው ቍስል እንጨት ስደድበት የሚለው ተረት የተነገረው ሕመሙ ለማይሰማው ሰው ነው።

እንግዲያስ የሟቾቹ ሥራ አይመርመር ማለት ነውን? የሚል ሰው ይገኝ ይሆናል። አይደለም። የኢትዮጵያ መርማሪዎች በታኅሣሥ 2015 ዓ.ም. የመጨረሻውን መግለጫ አውጥተው የጥፋቱን ምክንያት በዚያ ሥርዓት ላይ አድርገዋል፤ የአሜሪካና የፈረንሳይ መርማሪዎች በበኩላቸው የአብራሪዎቹም አያያዝ ሊመረመር ይገባል ብለው ሐሳባቸውን ጨምረዋል። ይህ ክርክር ተገቢ ነው፤ ከርሱም ሕይወት ይገኛል። አይሮፕላኑ በኅዳር 2013 ዓ.ም. በአሜሪካ እንደገና እንዲበር በተፈቀደ ጊዜ፥ አብራሪዎቹ ሁሉ አስቀድመው በማስመሰያ እንዲሠለጥኑ ግዴታ የሆነው በምርመራ ነው። የእኛም አየር መንገድ በጥር 2014 ዓ.ም. እንደገና ያበረረው ከዚህ በኋላ ነው። ነገር ግን ምርመራና ትምክሕት አንድ አይደሉም። መርማሪ «ለምን ሆነ?» ይላል፤ ትምክሕተኛ «እኔ ብሆን ኖሮ» ይላል። መርማሪ የሚፈልገው የሚመጣው ሰው እንዲድን ነው፤ ትምክሕተኛ የሚፈልገው ያለፈው ሰው እንዲያንስለት ነው። የሞተ ሰው ደግሞ መልስ አይሰጥም።

ከሦስት ቀን በኋላ ይህንኑ ለልጁ ነገርሁት። «ልጄ፥ ብልሽቱን አንተ አታስገባው፤ መቼና ምን እንደሚበላሽም አትወቅ» አልሁት። እርሱም ፕሮግራሙ ራሱ ብልሽቱን በዕጣ እንዲመርጥ አደረገ። በዚያ ማታ አራት ጊዜ ተነሣ፤ አራት ጊዜም ወደቀ። በአራተኛው ጊዜ እጁን ወደ ቍልፏ ዘርግቶ ሳለ መልሶ ሰበሰበና፥ «የኔታ፥ እነዚያ ስንት ነበሩ?» ብሎ ጠየቀኝ። «157» አልሁት። እስኪመሽ ድረስ ሌላ አልተጫወተም። በማግሥቱ ግን ዝርዝሩን ከፍቶ ከመጀመሪያው ጀምሮ ያነብ ጀመር፤ እኔም አልከለከልሁትም።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፥ ይህ ነገር ለአብራሪዎች ብቻ የተነገረ አይምሰልህ። ሁላችንም ሞት የሌለበት ስፍራ አለን። ዳኛ ያልሆነ ሰው በቡና ቤት ይፈርዳል፤ ያልዘመተ በሜዳ ካርታ ጦር ይመራል፤ የታመመ ያላስታመመ ሐኪም ይወቅሳል። በዚያ ስፍራ መለማመድ መልካም ነው፤ ትሏም ያለዚያ ግንዱን ባልወጣች ነበር። ነገር ግን ልምምድ የተሰጠን ራሳችንን እንድናርምበት እንጂ የወደቁትን እንድንወቅስበት አይደለም። ያለ ሞት ለመሳሳት የታደለ ሰው፥ አንዲቱን ስሕተት እንኳ መድገም ላልተፈቀደለት ሰው ቢያንስ ዝምታን ይክፈለው።