ባዶ የቀረችው መስመር

ሰው ከልቡ የሚመኘውን ነገር፣ መንገዱ ተከፍቶለት፣ ገንዘቡም ተቆጥሮ በእጁ ሳለ፣ «ነገ» እያለ የሚያዘገየው ስለ ምንድን ነው? የማይወደውን ነገር ቢያዘገይ አይደንቀንም፤ ባለዕዳ ዕዳውን ለመክፈል፣ በሽተኛም መራራ መድኃኒት ለመጠጣት «ትንሽ ቆይ» ማለቱ የሥጋ ጠባይ ነውና። የሚያስገርመው ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ በጸሎት ሲለምነው የኖረውን ነገር፣ ሊያገኘው አንድ ክንድ ሲቀረው ቆሞ ወዲያና ወዲህ የሚያይ ሰው ነው። ይህን ጥያቄ ያገኘሁት ከሊቃውንት ጉባኤ አይደለም፤ ከባለቤቴ የቁምሳጥን መሳቢያ ውስጥ ነው።

እኔ ዕድሜዬን በመዝገብ ቤት የጨረስሁ ሰው ነኝ፤ ባለቤቴ የአንደኛ ደረጃ መምህርት ናት። በ1983 ዓ.ም. በተጋባን ሰሞን፣ አገሩ ሁሉ «ምን ይመጣ ይሆን?» እያለ በሚጨነቅበት ጊዜ፣ ዕድሜና ጤና ቢሰጠን አንድ ፋሲካ ኢየሩሳሌም ሄደን እንሳለማለን ተባብለን ነበር። ልጆች መጡ፤ የቤት ኪራይና የትምህርት ቤት ክፍያ ተከተሉ፤ ነገሩም በየዓመቱ የስቅለት ዕለት ስንሰግድ ትዝ እያለን፣ በማግስቱ እየተረሳ ኖረ። በ2011 ዓ.ም. የመጨረሻው ልጃችን ሥራ ያዘ፤ ዕቁቡም ደረሰኝና የሁለታችን የጉዞ ሒሳብ ሞላ። የዚያ ዓመት ፋሲካ ሚያዝያ 20 ቀን ይውል ስለ ነበር፣ ምእመናንን ይዞ የሚሄደው ማኅበር ለሆሣዕና እዚያ ለመድረስ አስቦ፣ ፓስፖርታችንን እስከ ጥር መጨረሻ እንድናስገባ በታኅሣሥ መጀመሪያ ነገረን። እኔ ፓስፖርት ነበረኝ። እሷ ግን ከአገር ወጥታ ስለማታውቅ፣ ከወረዳ የልደት ምስክር ወረቀት ማውጣት፣ ቅጽ መሙላት፣ ቀጠሮ መያዝ ነበረባት። ቅጹን እኔው አመጣሁላት።

በማግስቱ ነጠላዋን አጣፍታ አራት ጉርድ ፎቶግራፍ ተነሣች። ፎቶግራፉንና ቅጹን በአንድ ፖስታ ከታ፣ የእመቤታችን ሥዕልና በቁራጭ ወረቀት የተጠቀለለ እምነት ከሚቀመጥበት መሳቢያ፣ ከፋሲካ ነጠላዋ ሥር አኖረችው። ከሁለት ሳምንት በኋላ መሳቢያውን ከፍቼ አየሁ። በዚያ ለልጆች ጥቁር ሰሌዳ በለመደ ጥንቁቅ የእጅ ጽሑፏ ስሟ ተጽፏል፤ ከስሟ ቀጥሎ ያለችው መስመር ግን ባዶ ናት። ጀምራ የተወችው መስሎኝ፣ «ሞላሽ?» አልኋት። «ሰኞ እሞላዋለሁ» አለች። ሰኞ ጠየቅኋት፤ «ወረዳ ሲስተም የለም ይላሉ» አለችኝ። እንደ ገና ጠየቅኋት፤ የተማሪዎች ፈተና አለ። ደግሞ ጠየቅኋት፤ «ጾሙ ይግባና» አለች። በመጨረሻ የቀረላት መልስ አንድ ብቻ ሆነ፤ «እግዚአብሔር ከፈቀደ።»

በዚህ በመጨረሻው መልስ ላይ ጥቂት ልቆይ፤ ከቤቴ አልፎ የአገራችን ሁሉ መልስ ነውና። ሐዋርያው ያዕቆብ በመልእክቱ፣ ወደዚህ ከተማ እንሄዳለን፣ ዓመት ተቀምጠን እናተርፋለን የሚሉትን ነጋዴዎች ሲገሥጽ፣ የጌታን ፈቃድ እንዲያስቀድሙ ያዛቸዋል። ቃሉ የተሰጠው እንግዲህ በነገ ላይ እንደ ባለርስት ለሚመካ ሰው፣ ለትዕቢቱ ልጓም እንዲሆነው ነው። እኛ ዘንድ ግን ልጓሙ ወደ ትራስነት ተለወጠ። ብዙ ጊዜ «እግዚአብሔር ከፈቀደ» የምንለው ፈቃዱን ለመጠየቅ አይደለም፤ የራሳችንን ፈቃድ ከመጠየቅ ለማምለጥ ነው እንጂ። አምላክ ቅጽ እንዲሞላልን የምንጠብቅ ይመስል፣ የእኛን ድርሻ ለእርሱ እንተውና ያልሆነውን ሁሉ «አልፈቀደም» ብለን በእርሱ ስም እንመዘግባለን። ይህን ለባለቤቴ ከአንድ ጊዜ በላይ ሰበክሁላት፤ ስብከቴም ሐሰት አልነበረበትም፤ ግን ያለ ቦታው የተሰበከ ነበር።

በልቤ ለነገሩ የሰጠሁት ስም ሀኬት ነው። የገዳም አባቶች ስለ ሀኬት ብዙ ተናግረዋል፤ በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በግብፅ በረሃ የኖረው ኤዋግሪስ በቀትር ጊዜ በመነኩሴ ላይ የሚመጣውን ጋኔን ሲገልጽ፣ ቀኑን የሃምሳ ሰዓት ያህል ያስረዝምበታል፤ ፀሐይዋን እያየ በበዓቱ ደጅ ላይ ያንቆራጥጠዋል፤ ኋላም ያለበትን ስፍራ አስጠልቶ ወደ ሌላ አገር እንዲሄድ ይገፋፋዋል ይላል። ይህን ካነበብሁ በኋላ ነገሩ ተገለበጠብኝ፤ በዚህ ሚዛን ብንመዘን፣ ቀን እየቆጠረ፣ ቤቱ ጠብቦት ለመንገድ የሚቁነጠነጠው ሀካይ እኔው ነበርሁና። አውግስጢኖስ ደግሞ በኑዛዜው መጽሐፍ፣ በወጣትነቱ ንጽሕናን እየለመነ፣ አምላክ ፈጥኖ እንዳይሰማው ይፈራ እንደ ነበር ያወሳል። መዘግየትን ከስንፍና ጋር ሳይሆን ከፍርሃት ጋር አጣምሮ የነገረኝ መጀመሪያ እርሱ ነው፤ እኔ ግን አነበብሁት እንጂ አልሰማሁትም።

የጥንቶቹ ተሳላሚዎች ኑዛዜያቸውን አድርገው፣ ከዘመድ ተሰነባብተው፣ በቀይ ባሕርና በምስር በኩል ወራት የሚፈጅ መንገድ ይጓዙ ነበር፤ የሚፈሩት ሽፍታና የውኃ ጥም ነው። ቅዱስ ላሊበላ እነዚያን ድንቅ አብያተ ክርስቲያናት ያነጸው፣ ወንዙንም ዮርዳኖስ ያሰኘው፣ ሕዝቡን ከዚህ መከራ ለማሳረፍ ነው የሚል ትውፊት አለን። አንድ ወዳጄም «ላሊበላ ሂዱ፤ እዚያ ፓስፖርት የሚጠይቅ የለም» ብሎ ቀለደብኝ። ባለቤቴ አልሳቀችም።

ማኅበሩ ቀኑን እስከ የካቲት አራዘመልን፤ የካቲትም አለፈ። መጋቢት 15፣ የመፃጉዕ እሑድ፣ ከቅዳሴ ስንወጣ ስማችን ከዝርዝሩ መውጣቱን በስልክ ነገሩን። እስከ ቤት ድረስ አንድ ቃል ሳልናገር ሄድሁ፤ ዝምታዬም ከስድብ የከፋ እንደ ነበር አሁን አውቃለሁ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ገብር ኄር ሆነ። ሰባኪው አምስት መክሊት የተቀበለው እንዴት እንዳተረፈ፣ ሁለት የተቀበለውም እንዲሁ፣ አንድ የተቀበለው ግን ምድር ቆፍሮ እንደ ቀበረ ተረከ። እዚያ ላይ ሲደርስ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ሳለን በክርኔ ነካ አድርጌ፣ «ሰማሽ?» አልኋት። መልስ አልሰጠችኝም። ወደ ቤት ስንመለስ፣ ከመንደራችን መታጠፊያ ስንደርስ ቆመችና፣ «ሀኬተኛ ያለው እኮ ጌታው ነው» አለች፤ «ሰውየው ራሱ ያለው ‹ፈራሁ› ነው።»

ይህን ወንጌል ስንት ዓመት ሰምቼዋለሁ! ያ አገልጋይ ስለ ራሱ የሰጠው ቃል ፍርሃት እንጂ ስንፍና እንዳልሆነ ግን ልብ ብዬው አላውቅም፤ ለካ ስሰማ የኖርሁት የፈራጁን ቃል ብቻ ነው። እዚያው መታጠፊያው ላይ ቆመን፣ ያቺ ባዶ መስመር ምን እንደምትጠይቅ ነገረችኝ። የምትጠይቀው የአባት ስም ነው።

አባቷ በ1969 ዓ.ም. በታጠቅ ጦር ሰፈር ሠልጥኖ ወደ ምሥራቅ ዘመተ፤ አልተመለሰም፤ መርዶም አልመጣም። አጎቷ የሰባት ዓመቷን ልጅ ከገጠር አምጥቶ «የኔ ልጅ ናት» ብሎ በስሙ ትምህርት ቤት አስገባት፤ አሳደጋት፤ ዳራት። ይህን አላውቅም አልልም፤ ሽማግሌ የላክሁት ለአጎቷ ነበርና። ግን እንደ ተዘጋ ፋይል ነበር የማውቀው። መታወቂያዋም፣ የመምህርነት ምስክር ወረቀቷም በአጎቷ ስም ነው። «የአጎቴን ስም ብጽፍ አባቴን ሁለተኛ መቅበሬ ነው» አለች፤ «የአባቴን ብጽፍ ያሳደገኝን መካዴ ነው። ለወረዳው እንኳ ግድ የለኝም፤ አርባ ዓመት በዚሁ ኖሬያለሁ። ግን እንዴት ወደ ጌታ መቃብር በሐሰት ስም ልግባ?»

እንግዲህ ሀኬት ያልሁት የኅሊና ክርክር ኖሯል። ለመታወቂያ፣ ለሠርግ፣ ለደመወዝ መዝገብ የማያስጨንቅ ስም፣ ለጎልጎታ ሲሆን ያስጨንቃል፤ ምኞቱ ቅዱስ ባይሆን ኖሮ መዘግየቱም ባልመጣ ነበር። ሰው የሚወደውን ነገር የሚያዘገየው፣ ወደዚያ ነገር ሲቀርብ ራሱን በብርሃኑ ስለሚያየው ይመስለኛል።

የንስሐ አባታችን ዘንድ ሄድን። አረጋዊ ካህን ናቸው፤ ነገሩን ሰምተው ሲጨርሱ መቋሚያቸውን ተደግፈው ጥቂት ዝም አሉና፣ «ልጄ፣ ጌታችን ራሱ በምን ስም ተጠራ?» ብለው ጠየቋት። ከዚያም ሉቃስ በወንጌሉ፣ ሰዎች እንደሚያስቡት የዮሴፍ ልጅ ይባል እንደ ነበር መጻፉን፣ አውግስጦስ ቄሣር ሕዝቡ ይቈጠር ባለ ጊዜም ዮሴፍ እመቤታችንን ይዞ ለመመዝገብ ወደ ቤተ ልሔም መውጣቱን አስታወሷት። «ያሳደገ ሰው ስም ሐሰት ቢሆን ኖሮ፣ ጌታ በዮሴፍ ልጅነት ባልተጠራ ነበር» አሏት። ቀጥለውም፣ ቤተ ክርስቲያን የምትጸልየው በክርስትና ስም እንጂ በፓስፖርት ስም አይደለምና፣ የአባቷን የክርስትና ስም ይዛ ሄዳ በኢየሩሳሌሙ ገዳማችን በዴር ሱልጣን እንድታስጠራው መከሯት። ያሳደጋትን ስም ለሹሙ፣ የወለዳትን ስም ለመሠዊያው፤ ሁለቱም እውነት ነው። መንገድ ላይ አላለቀሰችም፤ ሳቀች።

እኔ ግን ያን ሌሊት መጽሐፈ ነህምያን ገልጬ አነበብሁ፤ በመጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ለኢየሩሳሌም ጉዞ የይለፍ ደብዳቤ የለመነ ሰው ማን እንደ ሆነ ትዝ ብሎኝ ነው። ነህምያ የከተማይቱን መፍረስ በካሴሉ ወር ሰምቶ፣ ንጉሡን የለመነው በኒሳን ነው፤ አራት ወር ያህል አዝግሟል፤ ልክ እንደ ባለቤቴ። እርሱም ፈርቷል። ነገር ግን አርጤክስስ፣ ያ አሕዛባዊ ንጉሥ፣ ወይን ጠጁን ሲቀበል ቀና ብሎ አየና፣ ሳይታመም ፊቱ የጠቆረው ስለ ምን እንደ ሆነ ጠየቀው። ነገሩ ሁሉ የተፈታው በዚያ ጥያቄ ነው። ቀጥሎ የመጣው ደግሞ ዛሬም በየኤምባሲው የሚጠየቀው ነው፤ መንገድህ ምን ያህል ጊዜ ይፈጃል፣ መቼስ ትመለሳለህ? ነህምያም ቀን ቆርጦ ሰጠው፤ ደብዳቤውም ተጻፈለት። በቤተ ሳይዳ መጠመቂያ አጠገብ ሠላሳ ስምንት ዓመት የተኛውን መፃጉዕም ጌታችን መጀመሪያ የጠየቀው መዳን ይወድ እንደ ሆነ ነው፤ ያ በሽተኛ «አዎን» ለማለት እንኳ አልደፈረም፤ ሰው የለኝም ነው ያለው። እኔ አራት ወር ሙሉ ያቀረብሁት ጥያቄ አንድ ነው፤ «ሞላሽ?» መዝገብ ቤት ይህን ነው ያስተማረኝ፤ ወረቀቱን አየሁ፤ ፊቷን አላየሁም።

ይህን ስል ባለቤቴን ከጥፋት ነጻ አደርጋለሁ ማለቴ አይደለም። ኅሊና የሚከራከር ሰው ክርክሩን ለሚወደው ሰው መንገር ይገባዋል፤ ስለ ሲስተም፣ ስለ ፈተና፣ ስለ ጾም እየተናገረች እውነተኛውን ነገር ከነጠላዋ ሥር መቅበሯ ከመክሊቱ መቀበር አይለይም። ይህንኑ ነገርኋት። «እውነት ነው» አለች፤ «አንተም ደግሞ ለቆፋሪው አካፋ ስታቀብል ነበር።»

ቅጹን በግንቦት ሞላች። ያን ዕለት ነው የኔን ፓስፖርት ገልጬ፣ የአገልግሎት ዘመኑ ስድስት ወር እንኳ እንደማይቀረው ያየሁት፤ በዚህ ፓስፖርት ቪዛ ብንጠይቅ ኖሮ የምንመለሰው በእኔ ምክንያት ነበር። የእሷ ፓስፖርት በሰኔ ወጣ፤ የኔው በሐምሌ ታደሰ። ለ2012 ፋሲካ ገና በኅዳር ተመዘገብን፤ በመጋቢት ግን ወረርሽኙ መጣና የጎልጎታው ቤተ ክርስቲያን በሩን ዘጋ። በዚህ ጊዜ «አልፈቀደም» ብንል የሚወቅሰን አልነበረም።

የሄድነው በ2015 ዓ.ም. ነው። በአውሮፕላን ማረፊያው መስኮት ፊት ስንቆም፣ ወጣቱ ሹም የእሷን ፓስፖርት ገልጦ ስሟን ከነአባቷ ስም ጮክ ብሎ አነበበና፣ ስንት ቀን እንደምንቆይ ጠየቀ። እኔ ወረቀቶቼን ስፈልግ፣ እሷ ሁለቱን እጆቿን አንሥታ ዐሥር ጣቶቿን አሳየችው።