«ቻል!» አትበሉት

ልጅ ከዛፍ ወድቆ ወይም ጣቱን በር ቀርጥፎት እየጮኸ ሲመጣ መጀመሪያ የምንለው ምንድን ነው? «ቻል! ወንድ አይደለህ?» እጁን የምናየው ከዚያ በኋላ ነው። ይህ ቅደም ተከተል ያሳስበኛል።

ቀድሞ ሀገረ ሕይወት ትባል በነበረችው አምቦም ሆነ በጉደርና በጊንጪ፣ እጅ ሲሰበር ብዙ ወላጅ ቀድሞ የሚያስበው ወጌሻን ነው። አልፈርድበትም። ወጌሻው ጎረቤት ነው፤ ክፍያው አይከብድም፤ ራጅ ፍለጋ አያንከራትትም። የልጅ አጥንት ደግሞ ቶሎ ይገጥማል፤ የጣት ስብራት በአብዛኛው በሦስት በአራት ሳምንት ይጠገናል። ስለዚህ ወጌሻው ብዙ ጊዜ ይሳካለታል፤ እኛም እንመርቀዋለን።

ጣጣው ማሰሪያው ሲጠብቅ ነው። የተሰበረ እጅ ያብጣል። በቀርከሃ ስንጥር ጥፍንግ ተደርጎ የታሰረ ክንድ ግን ማበጫ ቦታ የለውም፤ ደም አይደርሰውም፤ ሥጋው ይሞትና እጁ ይቆረጣል። በዚህ ምክንያት እጃቸውን ያጡ ሕፃናት በሀገራችን ጥቂት አይደሉም። ጄሶም ቢሆን ከጠበቀ ያው ነው።

ታዲያ አደጋውን ቀድሞ የሚናገረው ማነው? ራጅ አይደለም። የልጁ ለቅሶ ነው። ከታሰረ በኋላ ሕመሙ እየባሰ ከሄደ፣ ጣቱ ከቀዘቀዘ ወይም ከደነዘዘ፣ ሲዘረጉለት ከጮኸ፣ ማሰሪያው ያኔውኑ መላላት አለበት፤ ልጁም ወደ ሆስፒታል መሮጥ አለበት። እኛ ግን ያንን ድምፅ «ቻል» ብለን ዘግተነዋል።

የጣት ስብራትም እንዲሁ ነው። አጥንቱ የሚያድግበት ቦታ ሲጎዳ ራጅ ላይ ላይታይ ይችላል። ጥሩ ሐኪም ልጁን አባብሎ ቀስ ብሎ እንዲጨብጥ ያደርገዋል፤ አንዱ ጣት በሌላው ላይ ከተደረበ አጥንቱ ዞሯል። የዞረ አጥንት ደግሞ ልጁ ሲያድግ በራሱ አይቃናም።

ወጌሻውን እንክሰሰው? በ2005 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ የአጥንት ቀዶ ሕክምና መጽሔት የታተመ የሀገራችን ጥናት፣ ለወጌሾች የአንድ ቀን ሥልጠና ሲሰጥ የሚቆረጠው እጅና እግር መቀነሱን አሳይቷል። ሰውዬው ይማራል ማለት ነው። እኛስ?

ትዕግሥት ሰው በገዛ ሕመሙ ላይ የሚያሳየው ነው። በልጅ ሕመም ላይ መታገሥ ግን ጀግንነት አይደለም፤ ለገዛ ጆሯችን ዕረፍት መፈለግ ነው። «ላላለቀሰ ልጅ ጡት አይሰጡትም» እንላለን። አልቅሶ «ዝም በል» የተባለውንስ ማን ይጠይቅለት?