ከበሮው ሲጾም

በዓቢይ ጾም ምእመኑ ሥጋውን፣ ወተቱንና ቅቤውን እንደሚተው ማንም ያውቃል። ቤተ ክርስቲያን ራሷ የምትተወው ነገር እንዳለ ግን እምብዛም አይነገርም። ጾሙ ሲገባ ከበሮና ጸናጽል ይቀመጣሉ፤ በሊቃውንቱ እጅ የሚቀረው መቋሚያ ብቻ ነው። ከቡሬ እስከ ፍኖተ ሰላም ባለው ገጠር ይህ ለውጥ ከጆሮ አይሰወርም። በክብረ በዓል ሌሊት የማኅሌቱ ከበሮ እርሻውን አቋርጦ ቤቱ የተኛው ገበሬ ዘንድ ይደርሳል። በጾም ያለው የሰው ድምፅ ብቻ ስለሆነ፣ መስማት የፈለገ ወደ ቅጥሩ መጠጋት አለበት።

ዜማ ሲጾም የሚጾመው ከምንድን ነው?

«ከደስታ ነዋ» የሚል መልስ ቶሎ ይመጣል። ከበሮ የእልልታ፣ ጾም የሐዘን፤ ሁለቱ አይገናኙም። እኔን ይህ አያረካኝም። ሊቃውንቱ ስለ ከበሮ በሚሰጡት ትርጓሜ፣ በላዩ የተጠላለፈው ጠፍር የጌታን የግርፋት ሰንበር፣ ምቱም በጥፊ መመታቱን ያሳስባል። ሕማሙን የሚናገረው መሣሪያ ሕማሙ በሚታሰብበት ወራት ዝም የሚል ከሆነ፣ ምክንያቱ ከደስታና ከሐዘን ልዩነት የጠለቀ መሆን አለበት።

ደግሞም ጾም ዜማን ያበዛዋል እንጂ አያሳጥረውም። ለቅዱስ ያሬድ ከሚሰጡት አምስት የዜማ መጻሕፍት አንዱ፣ ጾመ ድጓ፣ ሙሉ በሙሉ የዚህ ወራት ነው። ምዕራፍም የዘወትርና የጾም ተብሎ ይለያል። ዘወረደ፣ ቅድስት፣ ምኩራብ፣ መጻጉዕ እያልን የምንቆጥራቸው ሳምንታት እንኳ ስማቸውን ያገኙት ከጾመ ድጓ ነው። በሌላው ዓለም እንዲህ ያልሆነበት አለ። በጀርመናዊው የሙዚቃ ደራሲ በባክ ዘመን የላይፕሲግ አብያተ ክርስቲያናት በአብዛኞቹ የጾም እሑዶች በመሣሪያ የታጀበውን የመዘምራን ዜማ ያቆሙ ነበር፤ የማቴዎስ ሕማማት የተባለው ታላቅ ሥራው በ1727 እ.ኤ.አ. በስቅለት ዕለት የተሰማው ከዚያ ዝምታ በኋላ ነው። ያም የራሱ ግርማ አለው። የእኛዎቹ አባቶች ግን ዝም አላሉም፤ ድምፁን ጠብቀው ምቱን ወሰዱት።

ምቱ ሲወሰድ ምን እንደሚሆን ቀርቦ ማየት ያሻል። ከበሮ ባለበት ማኅሌት የዜማው ልክ ከዘማሪው ውጭ ነው፤ የቸኮለውን ይይዘዋል፣ የዘገየውን ይጎትተዋል፣ የተሳሳተውንም ይሸፍንለታል። ያ ጠባቂ ሲነሣ በቀኝና በግራ የቆሙት ሰዎች የሚደገፉበት የጎረቤታቸው ትንፋሽ ብቻ ይሆናል። የት ላይ እንደሚያነሣ፣ የት እንደሚያሳርፍ ሰምቶ መከተል ግድ ነው። መቋሚያው እንኳ በማይንቀሳቀስበት በቁም ዜማ ይህ ፍጹም ይታያል። በዝማሜ ደግሞ መቋሚያው ወዲህና ወዲያ ሲዘነበል ምቱ ከጆሮ ወደ ዓይን ይዛወራል፤ ሳይጮኽ ይታያል። ያ መቋሚያ በሌላ ጊዜ የደከመ አካል የሚደገፍበት ነው፤ በጾሙ ቀን ደግሞ ቅዳሴው ከሰዓት በኋላ ስለሚሆን የሚቆመው ሁሉ ሆዱ ባዶ ነው። ሰውዬው በተደገፈበት እንጨት ዜማውን ይለካል።

እንግዲህ ዜማ የሚጾመው ከውጭ ከሚመጣ ልክ ነው እላለሁ። ልኩ ጠፍቶ አይደለም፤ ወደ ሰዎቹ መካከል ገብቶ ነው።

በገናን አንሥቶ የሚከራከረኝ ይኖራል። ዐሥር አውታር ያለው በገና የሚደረደረው በተለይ በዚሁ በጾም አይደለምን? ልክ ነው፤ መሣሪያ ሁሉ በጾም ይከለከላል ማለት አይቻልም። ነገር ግን በገና የአንድ ሰው ነው። በቤት፣ ለብቻ ወይም በጥቂት አድማጮች ፊት የሚደረደር፣ ነፍስ ከራሷ ጋር የምትነጋገርበት ነው። ብቻውን ያለ ሰው የሚያዳምጠው ጎረቤት ስለሌለው አውታሩን ያዳምጣል። ማኅበር ግን እርስ በርሱ አለው። ልዩነቱ ይህ ይመስለኛል፤ ክርክሩም ሐሳቤን ያጠራልኛል እንጂ አያፈርሰውም።

ይህን ነገር ዝም ብዬ የመጽሐፍ ጥያቄ ላደርገው አልችልም። ነሐሴ 2015 ዓ.ም. ፍኖተ ሰላም ላይ በደረሰው ጥቃት ሰላማዊ ሰዎች ሞተዋል። ከዚያም ወዲህ በምዕራብ ጎጃም ብዙ ቤት ሐዘን ገብቷል። ሐዘንተኛ ብቻውን ሲሆን ሐዘኑ ልክ ያጣል፤ ወይ ይውጠዋል ወይ ወደ በቀል ይነዳዋል። ጾመ ድጓ እሱ ያልደረሰውን ቃል ያቀብለዋል። ቃሉ ወገን አይለይም፤ ምሕረት ይለምናል። የሚለምነውም በብዙ አፍ ነው፤ ከጎኑ የቆመው ሰው ሲያሳርፍ አብሮ ያሳርፋል፣ ሲያነሣ አብሮ ያነሣል። ሟቾቹን የሚመልስ ነገር የለም፤ ሐዘኑ ግን የሰው ልክ ያገኛል።

ስለዚህም በየከተማው በድምፅ ማጉያ የሚለቀቀው የጾም ዜማ ያሳዝነኛል። ከበሮውን አስቀምጠን ማጉያውን ስንከፍት ያንኑ ከውጭ የሚጎትት ኃይል በሌላ በር አስገባነው። አንዱ ድምፅ ገንኖ የሌላው ይጠፋል፤ አድማጩም ወደ ቅጥሩ መጠጋት አያስፈልገውም። አገልጋዮቹ ይህን የሚያደርጉት ለሩቁ ምእመን አስበው መሆኑን አውቃለሁ፤ ቢሆንም ቢያንስ በጾሙ ወራት ቢዘጋ እመርጣለሁ።

ዜማ ያለ ከበሮ በራሱ እንደሚቆም የዜማ ተማሪ የሚጓዝበት መንገድም ያሳያል። ጎጃም የቅኔ አገር ናት፤ የቅኔ ጉባኤ ቤቶቿ ዋሸራና ጎንጅ ከሩቅ ተማሪ ይጠራሉ። ድጓ ማስመስከር የፈለገ ግን ዐባይን ተሻግሮ ወደ ጋይንቱ የድጓ ምስክር ቤት፣ ወደ ቤተልሔም ይሄዳል። ሙሉውን ድጓ ከመያዙ አስቀድሞ ጾመ ድጓን ያጠናል፤ የከበሮና የጸናጽል ሥርዓት የሚማርበት የአቋቋም ጉባኤ ሌላ ነው። በ16ኛው መቶ ዘመን በዐፄ ገላውዴዎስ ጊዜ አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል በሥርዓት ያደራጇቸው ምልክቶች፣ ይዘት፣ ደረት፣ ጭረት፣ ድፋት፣ ርክርክና ሌሎቹም፣ ከፊደሉ በላይ ተጽፈው ድምፅ እንዴት እንደሚያዝ፣ እንደሚወርድና እንደሚንቀጠቀጥ ይነግሩታል። የከበሮ ምት የሚያመለክት ከመካከላቸው አንድም የለም።